ከደሴ እስከ ሞምባሳ፦ በአንድ የባሕር ዳር ጉዞ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይያዛል?

ከአራት ዓመት በፊት በቀን ሃምሳ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየገለበጥኩ አጠና ነበር። አንድ ወፍራም ደብተር ሞላሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ስገልጠው ግማሹ ቃል አዲስ ሆኖ ጠበቀኝ። አምና ደግሞ ለአምስት ቀን ወደ ኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ ሞምባሳ ሄድኩ። እዚያ የያዝኩት መቶ ሃያ ገደማ ቃል ግን አብዛኛው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ታይድ»፣ የባሕሩ መሙላትና መጉደል፣ ሲባል አንዲት ጀልባ አሸዋ ላይ ተጋድማ ትታየኛለች። «ቼንጅ» ሲባል ያቺ ማንጎ ሻጭ ትዝ ትለኛለች። ቃሉ ቦታ አለው፣ ሰው አለው፣ ሽታ አለው፤ ስለዚህ ስፈልገው የት እንዳስቀመጥኩት አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ ተምራችሁ አፋችሁ አልፈታ ላላችሁ ነው። ጉዞ የታሰበላችሁ ካላችሁ እሰየው። ገንዘቡ የሌላችሁም አብሽሩ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ከኮምቦልቻ ሳትወጡ የምትሠሩት አለ።

ለምን ሞምባሳ?

ኮምቦልቻ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጅቡቲ አትቀርብም ወይ?» ብሎ ነው። ትቀርባለች። መኪናው በባቲና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ ይወጣል፤ የሰፈራችን ሹፌሮች መንገዱን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ግን የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሶማሊኛና አፋርኛ ይበዛል። እንግሊዝኛ የምትሰሙት ወደቡ አካባቢና ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ነው። ኬንያ ውስጥ እንግሊዝኛ ከስዋሂሊ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው። የሱቁ ታፔላ፣ የምግብ ዝርዝሩ፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ብዙው በእንግሊዝኛ ነው። ሰዉም እንደኛው ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ስለሆነ ስትደናቀፉ ታግሦ ይሰማችኋል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሐይቅ ውረዱ

ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ሂዱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ደገኞች ነን፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ለውሃ ነገር ያለን ቃል ጥቂት ነው። «ዳርቻ» እንልና ሁሉንም በእሷ እንጨርሳለን። እንግሊዝኛው ግን ዳርቻን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ውሃና መሬት የሚገናኙበት ጠርዝ «ሾር» ነው፤ ሐይቅም ባሕርም አለው። አሸዋ ያለበት፣ ሰው የሚቀመጥበትና ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታ «ቢች» ነው። «ኮስት» ደግሞ ሰፊ ነው፤ የአንድ አገር የባሕር ዳር በሙሉ ኮስት ይባላል። ስለዚህ ሐይቅ «ሾር» አለው፣ «ኮስት» ግን የለውም። ይህን ውሃው ዳር ቆማችሁ፣ እግራችሁን አርጥባችሁ ተናገሩት። ቤት ቁጭ ብሎ ከማንበብ በጣም ይለያል።

እዚያው የእስጢፋኖስን ገዳም ተመልከቱ። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ በኩል ከመሬት ጋር ተያይዟል። ዙሪያውን ውሃ ሲከበው «አይላንድ»፣ በአንድ ጎን ከየብስ ሲያያዝ «ፔኒንሱላ» ይባላል። ሁለቱን ቃላት በአንድ ቦታ ታሪክ ያዛችኋቸው ማለት ነው። «አይላንድ» ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ኤስ» የምትባለው ፊደል አለች፤ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ሞምባሳ አሮጌው ከተማም ያለው ደሴት ላይ ስለሆነ ቃሉን እዚያ ደጋግማችሁ ትፈልጉታላችሁ።

የምታውቁትን ለዩ

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ወስዳችሁ አማርኛ ውስጥ የገቡትን የውጭ ቃላት ጻፉ። ኮንቴይነር፣ ትራንዚት፣ ፓስፖርት፣ ቲኬት፣ ሆቴል፣ ካርጎ። ያለምንም ጥናት ሠላሳ አርባ ቃል እንዳላችሁ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ አካባቢ ያደገ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ብዙዎቹ የመኪናና የሥራ ቃሎቻችን ከጣሊያንኛና ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። «ፍሬን» ብትሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አይገባውም፤ «ብሬክ» ነው። «ማርሽ» «ጊር» ነው። «ጎማ» «ታየር» ነው። «ቢሮ» «ኦፊስ» ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው «ፋብሪካ» ነው። ሰዎች መጨረሻዋን ቆርጠው «ፋብሪክ» ይሉታል፣ በእንግሊዝኛ ግን «ፋብሪክ» ጨርቅ ማለት ነው። ፋብሪካው «ፋክተሪ» ነው። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን እያሰባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ «ዘ ፋክተሪ ሜክስ ፋብሪክ»፣ ፋብሪካው ጨርቅ ይሠራል። ከዚያ በኋላ አይምታታባችሁም።

ደብተሩ

በኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ያዙ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ ነገር ግን ስልክ ስታወጡ መልእክት ይመጣል፣ መልእክት ሲመጣ ቃሉ ይረሳል። ለአንድ ቦታ አንድ ገጽ ስጡ፦ አውሮፕላን ጣቢያ፣ ሆቴል፣ ጀልባ፣ ገበያ፣ ምሽግ። በፊደል ተራ አትጻፉ። ቃሉን ብቻውንም አትጻፉ፣ የሰማችሁትን አጭር ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፉት እንጂ። «ሾር» ብሎ መጻፍና «ዚ አይላንድ ኢዝ ክሎስ ቱ ዘ ሾር» ብሎ መጻፍ ልዩነቱን ከሳምንት በኋላ ታዩታላችሁ።

ድምፁን በፊደላችን ስትጽፉ ረዘም የሚለውን በሰረዝ አሳዩ። «ሺ-ፕ» በግ ነው፤ «ሺፕ» መርከብ ነው። ወደብ ከተማ ሄዳችሁ ትልቅ በግ አየሁ ማለት አትፈልጉም። «ቢ-ች» የሚለውንም በደንብ ሳቡት፤ ካሳጠራችሁት የሴት ስድብ ይሆናል፣ ይህን እህቶቼም ወንድሞቼም አደራ። ሌላው የምላሳችን ልማድ ሁለት ተነባቢ ሲገጥመን ፊቱ ላይ «እ» መጨመራችን ነው። «እስትሪት»፣ «እስኩል» እንላለን። «ስትሪት» ለማለት መጀመሪያ «ስስስ» ብላችሁ እንደ እባብ ሳቡትና ከዚያ «ትሪት» ጨምሩበት። መስታወት ፊት ሃያ ጊዜ በሉት፣ ይለቃል።

መንገድ ላይ

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ በአዲስ አበባ ብታልፉም፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብታችሁ ከዚያ ብትበሩም ያው ነው። «ጌት»፣ «ቦርዲንግ ፓስ»፣ «ዊንዶው ሲት»፣ «አይል ሲት» የሚሉትን ቃላት እዚያው ግድግዳው ላይና ቲኬቱ ላይ እያያችሁ ጻፉ። አይል ሲት ማለት በመተላለፊያው በኩል ያለው ወንበር ነው። ናይሮቢ ከወረዳችሁ ወደ ሞምባሳ ባቡር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ሥራ የጀመረው። ለቃል ለቀማ ባቡሩ ከአውሮፕላኑ ይበልጣል፤ ሰዓታት ተቀምጣችሁ በመስኮት የምታዩትን ሁሉ ትጠይቃላችሁ።

ፎርም ላይ ሰው የሚደናገጠው «ሰርኔም» የሚለው ጋ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ። «ፐርፐስ ኦፍ ቪዚት» የመጣችሁበት ምክንያት ነው፣ «ኦኩፔሽን» ሥራችሁ ነው። የልደት ቀናችሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀድማችሁ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

አንዷ ጥያቄ

ሞምባሳ ስትገቡ ከሁሉም በላይ የምትጠቅማችሁ አንድ ጥያቄ ናት። «ዋት ዱ ዩ ኮል ዚስ?» ይህን ምን ትሉታላችሁ? ጣታችሁን ጠቁማችሁ ጠይቁ። ካልሰማችሁት «አጌን፣ ስሎውሊ፣ ፕሊዝ» በሉ፣ እንደገና ቀስ አድርጋችሁ ማለት ነው። ከዚያ ቃሉን መልሳችሁ ለጠየቃችሁት ሰው በሉለት፣ ያርማችኋል። አስተማሪ በወር የማያርምላችሁን አንድ ዓሣ አጥማጅ በአንድ ከሰዓት ያርምላችኋል።

እኔ «ታይድ»ን እንዲህ ነው የያዝኩት። ጠዋት ውሃው ሆቴሉ አጠገብ ያለውን ግንብ እየመታ ነበር። ከሰዓት ስወጣ ባሕሩ የለም። ርቆ ሄዷል። ጠዋት የምትወዛወዝ የነበረች ሰማያዊ ጀልባ እርጥብ አሸዋ ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ ገመዷ ልል ብሎ፣ ሥሯ ትንንሽ ሸርጣኖች ይሯሯጣሉ። አንድ ሽማግሌ መረብ ይጠግናል። ደነገጥኩና ውሃው የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቅ ብሎ «ሎው ታይድ፣ ማይ ሲስተር» አለኝ፣ ከዚያ እጁን ወደ ግንቡ ከፍ አድርጎ «ቱናይት፣ ሃይ ታይድ»። ጨረቃ በምትስበው ስበት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ለዚህ በደጋ አማርኛችን በየቀኑ የምንለው ቃል የለንም፣ ምክንያቱም አይተነው አናውቅም። መረቡን ጠቁሜ ጠየቅኩት፤ «ኔት»። ገመዱን፤ «ሮፕ»። መልህቁን፤ «አንከር»። ሸርጣኗን፤ «ክራብ»። አራት ቃል፣ አንድ ሰው፣ አንዲት ጀልባ። ገጹ ሞላ።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተማርኩ። እኛ መርከብም ሰውም «ሰጠመ» እንላለን። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። መርከብ ወይም ድንጋይ ሲሰጥም «ሲንክ» ነው፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሲሞት «ድራውን» ነው። ውሃ ላይ መንሳፈፍ «ፍሎት»፣ መዋኘት «ስዊም» ነው። ዋና የማትችሉ ከሆነ «አይ ካንት ስዊም» የሚለውን ከሁሉም ቀድማችሁ ተማሩት፤ ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ለባለ ጀልባው ንገሩትና «ላይፍ ጃኬት»፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ጠይቁ። እኔ አጥብቄ የምላችሁ ይህን ነው።

የት የት ልሂድ?

ሊኮኒ ላይ ከደሴቱ ወደ ደቡቡ ዳርቻ የምታሻግር «ፌሪ» አለች። እግረኛ አይከፍልም። ስለዚህ ደጋግማችሁ ተሻገሩ። ምልክቶቹን አንብቡ፣ ሰልፍ «ኪው» ይባላል፣ ተሳፋሪ «ፓሴንጀር»። መንገድ ስትሻገሩ ኬንያ መኪና በግራ እንደሚነዳ አትርሱ፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። «ኪፕ ሌፍት» የሚለው ታፔላ ግራህን ይዘህ ሂድ ማለት ነው።

ፎርት ጂሰስ ግማሽ ቀን ስጡት። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት ምሽግ ነው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። «ፎርት» ምሽግ፣ «ዎል» ግንብ፣ «ጌት» በር፣ «ካነን» መድፍ። መድፉን ስታዩ የመቅደላው ሴባስቶፖል ትዝ ይላችኋል፤ እዚያው ቆማችሁ ለአስጎብኚው በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ስለ ቴዎድሮስ መድፍ ንገሩት። የራስን ታሪክ መናገር ቃል ያስፈልጋል፣ የጎደላችሁን ቃል ደግሞ የዚያን ጊዜ ታውቁታላችሁ። እኔ «ጎተቱ» የሚለው አጥሮኝ በእጄ ሳሳየው «ፑል» አለኝ። ግንቡ የተሠራበት ድንጋይ ባሕር ውስጥ የተፈጠረ «ኮራል» ነው፤ ዳሰስ አድርጉት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው።

አየሩን በተመለከተ አንድ ቃል ይበቃል፦ «ሂዩሚድ»። ወበቅ ማለት ነው። ከደሴ ብርድ ወጥታችሁ የሞምባሳ አየር ፊታችሁ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ሲለጠፍ ቃሉ ራሱ ይገባችኋል።

ገበያና መልስ

ከአማርኛ ቀጥታ የምንተረጉመው ነገር ገበያ ላይ ነው የሚያጋልጠን። ማንጎ ገዛሁ፣ ትልቅ ብር ሰጠሁ፣ ሻጯ ዝም አለችኝ። «ማይ አንሰር» አልኳት። መልሴን ማለቴ ነው። ግራ ገብቷት ጥያቄሽ ምንድን ነው አለችኝ። የገንዘብ መልስ «ቼንጅ» ነው። ዝርዝር ብርም «ቼንጅ» ነው፤ መዝገበ ቃላት ላይ «ዝርዝር»ን ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን ብትናገሩ ሰው አይገባውም። ዓሣ ስትበሉ «እሾህ» የምንለው እዚያ «ቦን» ነው፣ አጥንት ማለት። ደረሰኝ «ሪሲት» ነው፣ ሲጻፍ «ፒ» የምትባል ፊደል አለችበት፣ አትነበብም። «ግሪልድ» በፍም የተጠበሰ፣ «ፍራይድ» በዘይት የተጠበሰ። እንዲህ እየተሳሳታችሁ የተማራችሁትን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ፣ ደብተሩ ውስጥ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሰዓት

ይህ የሚገርም ነው። ስዋሂሊ ሰዓትን እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ጠዋት ሦስት ሰዓትን «ሳአ ታቱ» ይሉታል፣ ታቱ ሦስት ነው። «ዳኪካ» ደቂቃ ነው፣ «ባሃሪ» ባሕር ነው፣ «ሳሃኒ» ሳህን ነው፤ ሁላችንም ከዓረብኛ ሰፈር ተቀራርበናል። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ያው ሰዓት «ናይን» ይሆናል። እኔ ለባለ ጀልባው በእንግሊዝኛ «ስሪ ኦክሎክ» ብዬ ቀጠርኩት፣ ጠዋት ሦስትን እያሰብኩ። ጠዋት ወደቡ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። እሱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፣ በቃሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስትቀጥሩ ስድስት ደምሩ ወይም ቀንሱ፣ ከኋላውም «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይም «ኢን ዚ አፍተርኑን» ጨምሩ።

ማታ ማታ

በቀን ከሃያ በላይ ቃል አትያዙ። ማታ ደብተሩን ዝጉና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከሆቴሉ በር ጀምሮ ቀኑን በሐሳባችሁ ተመላለሱበት፣ ያገኛችሁትን ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ እየጠራችሁ። የጠፋችሁ ጋ ብቻ ደብተሩን ክፈቱ። ከዚያ ለአንድ ደሴ ላለ ጓደኛ በቴሌግራም የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት በእንግሊዝኛ ላኩ። ድጋሚ ክለሳውን በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ አድርጉ።

መሄድ ላልቻላችሁ

ባሕሩ ኮምቦልቻ ድረስ ይመጣል። ደረቅ ወደቡ አለ፣ መንገዱ ዳር የቆሙ የጭነት መኪኖች አሉ። የሰፈሬ ሹፌር ጋሼ አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ከፈለግሽ የኮንቴይነሩን በር አንብቢ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሩ ላይ «ማክስ ግሮስ» የሚል አለ፣ ከነጭነቱ ከፍተኛው ክብደት። ብዙ ጊዜ 30,480 ኪሎ ግራም ይላል። «ቴር» ባዶው ኮንቴይነር የሚመዝነው ነው። ቴርን ከግሮስ ስትቀንሱ የሚተርፈው «ኔት» ነው፤ እህል ነጋዴ የጆንያውን ክብደት እንደሚቀንሰው ማለት ነው። ከላይ አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር ያለበት መለያ አለ። እሱን ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ስልክ ላይ ስምና ቁጥር መናገር የሚቸግረው ሰው በአሥር ኮንቴይነር ይፈታል። ሹፌሩን አስፈቅዱ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ፈቃድ አትግቡ።

ከዚያ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ስትወጡ የምታዩትን ሁሉ እየተቀባበላችሁ በእንግሊዝኛ ጥሩ። ዳገቱ «ስቲፕ» ነው። ጦሳ ላይ የተኛው ጉም «ፎግ» ነው። የጠፋችሁን ቃል ጻፉና ሐይቅ በምትሄዱበት ቅዳሜ ይዛችሁት ውረዱ።